የኪኒኗ ቀማሽ

የያዙኝ ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ፣ ቧንቧው ሥር እጄን ስታጠብ ነው። ሳሙናውን እንኳ አላስለቀለቁኝም። «የተጎዱ ተማሪዎችን ሰፍተሃል» አለኝ አንዱ። ሰፍቻለሁ። ጤና መኮንን ነኝ፤ ደሙ የሚፈስ ሰው ሲመጣልኝ መጀመሪያ ደሙን አቆማለሁ፣ ማነህ ከየት ነህ የምለው ከዚያ በኋላ ነው። እነሱ መጀመሪያ እንድጠቁም፣ ሰውየው ከተረፈ ደግሞ እንድሰፋ ይፈልጉ ነበር። በምዕራብ ሸዋ ከተሞች ተማሪው ደብተሩን ጥሎ አደባባይ የወጣበት ዓመት ነው፤ ያን ጊዜ ለመታሰር ብዙ ምክንያት አይፈለግም ነበር። እጄ ላይ የደረቀው ሳሙና አምቦ እስክንደርስ ሲያሳክከኝ መጣ።

ያስገቡኝ የድሮ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ብርሃን የሚገባው ከጣሪያው ሥር በሽቦ በታጠረች አንዲት ጠባብ መስኮት ብቻ። የነቀዝ ሽታና የሰው ላብ ተቀላቅሎ ጉሮሮ ይይዛል። ጠራራ ፀሐይ ሳለ ግማሹ ሰው ተኝቷል፤ ቦታው ሁሉንም ባንድ ጊዜ ስለማያስተኛ እንቅልፉ በፈረቃ ነው። የተኛው ሁሉ በጎኑ ነው የተኛው፣ የአንዱ ጉልበት በሌላው ጉልበት ሥር። አንድ ድምፅ «ግልበጣ!» ሲል ረድፉ በሙሉ ባንድ ላይ ወደ ሌላው ጎን ዞረ። ከተኙት መሀል ግን አንድ ሽማግሌ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ከኋላቸው አንድ ጎልማሳ ጀርባውን ለጀርባቸው ሰጥቶ፣ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል።

መጀመሪያ፣ እዚህም ወንበር ያለው ባላባት አለ እንዴ ብዬ ነበር። ቀረብ ስል እግራቸውን አየሁት። ከቁርጭምጭሚቱ እስከ ጉልበቱ አብጦ ቆዳው ያብለጨልጫል። የአንገታቸው ደም ሥር ተገትሯል። አንድ ቃል ለመናገር ሁለቴ ይተነፍሳሉ።

ካቦ የምንለው የክፍሉ አለቃ፣ እሱም እንደኛው እስረኛ ነው፣ ከላይ እስከ ታች አየኝ። «አዲስ ገቢ ሽንት ቤቱ በር ላይ ነው የሚተኛው» አለ። «አንተ ግን ጀርባህ ሰፊ ነው። ደቦ ትገባለህ።»

«የምን ደቦ?»

«የጀርባ ደቦ ነዋ። ሽማግሌው ኦቦ ከተጋደሙ ትንፋሻቸው ይቋረጣል። ስለዚህ በየተራ ጀርባ እንሰጣቸዋለን። አጨዳ ላይ ማጭድ ይዘህ አትወጣም? እዚህ ደግሞ ጀርባህን ይዘህ ትወጣለህ።»

ተራዬ ሲደርስ ተቀመጥኩና ጀርባዬን ሰጠኋቸው። «አካም ጂርቱ፣ አባቴ?» ብዬ ደኅንነታቸውን ጠየቅኋቸው።

«ፈያ፣ ፈያ» አሉ። «የሰው ጀርባ እስካለልኝ ፈያ ነኝ።»

ፈያ ማለት ጤነኛ ማለት ነው። ጤነኛ ግን አልነበሩም። በጀርባዬ በኩል ሳንባቸው ሲንጫጫ ይሰማኛል፤ እሳት ላይ የተጣለ ጨው ነው የሚመስለው። ከዚያ ሥር ልባቸው ትጋልባለች። ጤነኛ ልብ ሁለት ድምፅ አላት፤ የእሳቸው ሦስት ነበራት። በትምህርት ቤት የፈረስ ግልቢያ ነው የምንለው። ውሃ እየሞላቸው መሆኑን ለማወቅ መሣሪያ አላስፈለገኝም።

«መድኃኒት አይወስዱም?»

«ነጭ ኪኒን ነበረችኝ። ጠዋት እውጣታለሁ፣ ረፋዱ ላይ ውሃውን በሽንት ታወርድልኛለች። አሁን መርማሪው መሳቢያ ውስጥ ናት።»

«ለምን?»

«ልጅህን አምጣና ኪኒንህን ውሰድ ነው የሚለኝ።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ዩኒቨርሲቲ የነበረው ልጄ ተሸሽጓል። የት እንዳለ አላውቅም። ባውቅም ለኪኒን አልሸጠውም።»

ቤተሰባቸው ከደንዲ ድረስ ስንቅ ያመጣል። ምግቡ ይገባል፣ ኪኒኗ መሳቢያ ትገባለች። ይህን ስሰማ ሰውየውን ገና አላየሁትም ነበር፤ ቂሙን ግን ቋጠርኩ።

ብዙም ሳይቆይ አየሁት። ይልቅ ጫማውን አየሁት ብል ይሻላል። ለምርመራ ሲያስገቡኝ በሆዴ አስተኝተው እግሬን ወደ ላይ አጥፈው ያዙት፤ እሱ በኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ እግሬን መታ። ጉንጬ ሲሚንቶው ላይ ሆኖ ከፊቴ ያለው ጫማው ብቻ ነው። ክሩ ወጥቷል። ካልሲው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ሥጋው ውስጥ ገብቶ ቦይ ሠርቷል። ትንሽ መታና አረፈ። ያለከልካል። ያስላል። ከጠርሙስ ጋዝ ያለው የማዕድን ውሃ ይጎነጫል። «ጨጓራዬን አቃጠላችሁት እናንተ» አለ፣ ሌላውን ጠርሙስ እየከፈተ።

አምቦ ውስጥ ሆዱን የነፋው ሁሉ የሚሮጠው ወደ ማዕድን ውሃ ነው። ቁርጠት ቢሆን እሱ፣ ራስ ምታት ቢሆን እሱ። ይህ ግን ጨጓራ አልነበረም። እኔ እግሬ እየተገረፈ ምርመራዬን ጨረስኩ፦ ልቡ እየደከመች ነው። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። እየመታ የሚያርፈው አዝኖልኝ ሳይሆን ትንፋሽ አጥሮት መሆኑን ማወቅ ለእኔ የሕመም ማስታገሻ ነበር። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይላል ያገሬ ሰው። እሱ ሳሉን ይዞ የታማሚ ኪኒን ሰርቋል፤ እኔም ቂሜን ይዤ ጸለይኩ። ጸሎቴ አጭር ነበረች። ቀስ ብሎ ይጨርሰው፣ አልኩ።

ተሸክመው ሲመልሱኝ በዚያ እግር መቆም ስለማልችል የደቦው ቋሚ አባል ሆንኩ። ቀኑን ሙሉ ከሽማግሌው ጋር ጀርባ ለጀርባ ነን። ፊት ለፊት ሳንተያይ ብዙ አወራን።

«ያ ዶክተር» አሉኝ አንድ ረፋድ፤ አንተ ዶክተር ማለታቸው ነው። ዶክተር አይደለሁም ብላቸው አይሰሙም። «ልብን ማነው የሚያዛት? እኔ ተኛሁ፣ ነቃሁ፣ ታሰርኩ፣ እሷ ሥራዋን አላቆመችም።»

«ማንም አያዛትም። የራሷ ሕግ አላት። ብዙ ደም ሲመጣላት ትለጠጣለች፤ በተለጠጠችው ልክ አጥብቃ ትጨምቃለች። ትንሽ ሲመጣላት ትንሽ ትረጫለች። የመጣላትን ሁሉ ትልካለች እንጂ ለነገ አታስቀምጥም።»

«እንደ ቀጥቃጭ ወናፍ በለኛ። ብዙ ከከፈትከው ብዙ ይነፋል።»

«ልክ እንደዚያ።»

ጀርባቸው ጀርባዬ ላይ ከፍ ዝቅ ይላል። «ወናፉ አርጅቶ ቆዳው ሲላላስ?»

«ያኔ ቢከፍቱትም አይነፋም። የገባው እዚያው ይቀራል።»

«የእኔ እዚያ ደርሷል።»

«ደርሷል፣ አባቴ።»

ሳቁ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። «መንደሩ ዕድሜዬን ሙሉ ልበ ሰፊ እያለ ሲያመሰግነኝ ኖረ። ሐኪሙ ልብህ ሰፍቷል ሲለኝ ምርቃት መስሎኝ አሜን ብያለሁ።»

ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። የቀረውንም ነገርኳቸው። ልብ ስትደክም ሰውነት አይገባውም። ደም አነሰኝ ይልና ቶሎ ምቺ እያለ ይገርፋታል። ኩላሊት ደግሞ ድርቅ የገባ ይመስለውና ጨውና ውሃ ያጠራቅማል፤ ያ ሁሉ ተመልሶ የሚጫነው እዚያችው ደካማ ልብ ላይ ነው። ሽማግሌው ከደንዲ ሐይቅ አፋፍ ፈረስ ያረቡ የነበሩ ሰው ናቸው፤ ከአፌ ነጠቁኝ።

«የደከመ ፈርዳ ላይ ጅራፍም ጭነትም ጨመሩበት ማለት ነው።»

«አዎ። ኪኒኗ ጭነት ማውረጃ ናት። ጨውና ውሃ መቀነስም ያወርዳል።»

ይህን ስል ካቦው አንገቱን ደፋ። ለካ ኦቦ ውሃ ጠማኝ ባሉ ቁጥር እስረኛው የራሱን ድርሻ ሲያጠጣቸው፣ አቅም እንዲሆናቸውም ጨው ጣል ያለበት በሶ ሲበጠብጥላቸው ከርሟል። የሰው ደግነት እኮ አንዳንዴ እንዲህ ነው። በሶውን ከለከልኩ፣ ውሃውን በኩባያ አደረግኩ፣ ከቤት የሚመጣላቸው ወጥም ያለ ጨው እንዲሆን አስላክን። ሽማግሌው ከኪኒኗ መከልከል ይልቅ በዚህ ተቆጡ።

«በእኛ አገር ጨው የሌለው ወጥ ለሰው ያቀረበ ተሳድቧል ነው የሚባለው» አሉኝ እንጀራውን እያገላበጡ። «ሰደብከኝ፣ ያ ዶክተር።»

ስድቡ ትንሽ ረዳ፣ ግን አልበቃም። ከንፈራቸው መጥቆር ጀመረ። በተቀመጡበት እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርጋቸው ትንፋሻቸው እየተቆረጠ ይባንናሉ። በር ደበደብን። ጠባቂው ሄዶ ጠይቆ መጣ፤ መልሱ ያው የልጁ ነገር ነው። ካቦው ለምኖ ተሰደበ። እኔ ለምኜ በጥፊ ተባልኩ። ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ፤ ይህ ሰው ልመና ይወዳል፣ የተለመነውን ግን አይሰጥም። በሳምንቱ ውስጥ ሽማግሌው እጃችን ላይ እንደሚሞቱ አወቅሁ።

አንድ ጠዋት ስሜ ተጠራ። የቦት ጫማ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ልቤ ጉሮሮዬ ድረስ ትወጣ ነበር፤ ያን ዕለትም ወጣች። ቢሮው ስገባ ገመዱ የለም። መርማሪው ጠረጴዛው ላይ በክንዶቹ ተደግፎ ወደ ፊት ጎንበስ ብሏል። ፊቱ አመድ መስሏል። ጠባቂውን አስወጣና በሩን አዘጋ።

«ሐኪም ነህ አይደል?» አለኝ።

«ጤና መኮንን ነኝ።»

«ያው ነው። ጨጓራዬ ሊገድለኝ ነው። ጋደም ስል ያፍነኛል። ትራስ በትራስ ላይ ደራርቤም አልሆነልኝ።»

ልቤ ቀስ ብላ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። እኔ ጋ መጣህ፣ አልኩ በሆዴ። ወተት ይጠጡ፣ ቃሪያ ይቀንሱ ብለው ያምነኝ ነበር፤ ወር ሳይሞላ የውሃው ነገር ይጨርሰው ነበር። ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበረ። ግን እሱ ወር ካለው ሽማግሌው ወር የላቸውም፤ ኪኒኗም ያለችው ከሆዱ ፊት ለፊት ባለው መሳቢያ ውስጥ ነው።

በዚያው ቅጽበት ሻይ የምታቀርበው ሴትዮ ገባች። ከብርጭቆው ትንሽ መዳፏ ላይ አንጠፍጥፋ ቀመሰችና አስቀመጠችለት። በቤታችን ጠላ የሚቀዳ ሰው ለእንግዳው ከመስጠቱ በፊት ራሱ ይቀምሳል፤ ክብር ነው። ይህ ሰው ግን ክብሩን ወደ ዘበኛነት ለውጦት ነበር። እሷ ካልቀመሰች ሻይ አይጠጣም፣ ጠባቂው ካልቀደመ አይጎርስም። የሠራውን ስለሚያውቅ ሁሉንም ይፈራል። ሴትዮዋ ስትወጣ መንገዱ ታየኝ።

«ጨጓራ አይደለም» አልኩት። «ልብዎ ነው።»

ሱሪውን ሰብስቤ አውራ ጣቴን ቅልጥሙ ላይ ተጫንኩ። ከሚያስፈልገው በላይ ነው የተጫንኩት። ጣቴን ሳነሳ ጉድጓዱ አልሞላም። ሁለታችንም ጉድጓዱን አየነው። አስረዳሁት፤ የደም መላኪያው እንደደከመ፣ ውሃው እግሩንም ሳንባውንም እንደያዘው፣ ካልወረደ እንደሚያሰጥመው።

«መድኃኒቱስ?»

«መሳቢያዎ ውስጥ ነው ያለው።»

መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ሳቀ፤ ሳቁም በሳል ተቋረጠ። «አየህ ይሄን ተንኮለኛ! የሽማግሌውን ነገር አዙሮ አዙሮ በእኔ ሆድ ሊያስገባ! ምን ዓይነት መርዝ እንደሆነ ማን ያውቃል?»

«አለማመንዎ ልክ ነው» አልኩት። «እኔም እርስዎን ብሆን ከእስረኛ እጅ መድኃኒት አልቀበልም። ሆስፒታል ይሂዱ።»

እንደማይሄድ አውቃለሁ። ታመመ ከተባለ ወንበሩን የሚጠብቁ ጓደኞቹ እዚያው ኮሪደር ላይ ናቸው። ጠርሙሱን አነሳ፣ አስቀመጠ። አሰበ። ከዚያ ጮክ ብሎ ጠባቂውን ጠራ።

«ሽማግሌውን አምጣው! መጀመሪያ እሱ ይቅመስ!»

ፊቴን እንዳያይ አንገቴን ደፋሁ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ሁለት እስረኞች ደግፈው አስገቧቸው። መርማሪው መሳቢያውን ስቦ በፌስታል የተቋጠረውን ኪኒን አወጣ። ቋጠሮውን ፈትቶ አንዷን ጠረጴዛው ላይ ወረወረላቸው። «ዋጥ» አለ።

ሽማግሌው አላነሷትም። ያችን ኪኒን አጥተው በተቀመጡበት ሲሞቱ የከረሙ ሰው፣ ከፊታቸው ስትንከባለል ዝም ብለው አዩዋት። ልጮህባቸው ደርሼ ነበር።

«ቋጠሮዋን ስጠኝ» አሉ።

«ምን?»

«የእኔ ናት። ልጄ ናት የቋጠረችልኝ። ቀማሽ የሚቀምሰው ከገዛ ቤቱ ነው። ከእጅህ አልቀምስም፤ ከእጄ ቀምሼ እሰጥሃለሁ።»

የሰው ትንፋሽ ብቻ ነው የሚሰማው፤ የሁለቱ ያቃስታል። ጠባቂው ዱላውን ጨበጠ። መርማሪው ለመቆጣት አፉን ከፈተ፣ ለቁጣ የሚበቃ አየር ግን አልነበረውም። ፌስታሉን በጠረጴዛው ላይ ገፋላቸው።

ሽማግሌው አንዷን አወጡ፣ በአንድ ጉንጭ ውሃ ዋጧት። ሌላ አወጡ። ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው ክርኑን በግራ እጃቸው ደገፉ፤ ለእንግዳ እንደሚሰጠው ማለት ነው።

«እንካ» አሉት። «ቀምሼልሃለሁ።»

ወዲያው አልወሰደም። ግድግዳው ሥር አስቀምጧቸው ሲሞቱ ሊያይ ጠበቀ። አልሞቱም፤ ረፋዱ ላይ ሽንት ቤት ውሰዱኝ አሉ። ከዚያ ዳግመኛ። ሲመለሱ ትንሽ ቀለል ብሏቸው ነበር። ያኔ ከእጃቸው ተቀብሎ ዋጠ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ መርማሪና ተመርማሪ በየተራ ወደ ሽንት ቤት ሲመላለሱ ጠባቂው ግራ ገብቶት ቆሞ ነበር። ክፍላችን ውስጥ እንዲያ የተሳቀ ቀን የለም።

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ይጠሯቸዋል። ይቀምሳሉ፣ ይሰጣሉ፣ ይመለሳሉ። እብጠታቸው ወረደ፣ የእግራቸው ቆዳ ተሸበሸበ። ኪኒኗ ልታልቅ ስትል ራሱ መርማሪው ሰው ልኮ ከፋርማሲ አስመጣ። ደቦው ፈረሰ፤ ሽማግሌው ግድግዳ ተደግፈው መተኛት ቻሉ።

መርማሪው አንድ ቀን ጠየቀኝ። «የምጠነቀቀው ሌላ ነገር አለ?» የማዕድን ውሃው ጠርሙስ ፊቱ ነው። ከጎኑ የምሳው ሥጋ፣ ሚጥሚጣውና ጨው።

«የለም» አልኩት።

ኪኒኗ ጠዋት የምታወርደውን ጨውና ውሃው ማታ መልሰው ይጭኑታል። ያን ቢተው ኖሮ ይሻለው ነበር፤ ከተሻለው ቀማሽ አያስፈልገውም፣ ቀማሽ ካላስፈለገው ሽማግሌው ኪኒን የላቸውም። ስለዚህ የጨውን ነገር ለራሴ አስቀመጥኩት። ይህን በጸጸት የምነግራችሁ እንዳይመስላችሁ። ዛሬም ቢሆን ያንኑ አደርጋለሁ።

ሽማግሌው ከእኔ ቀደም ብለው ተፈቱ። ልጁ አልተገኘም፣ እሳቸውም እዚያ ቢሞቱ ጣጣ ነው ተባለ። እኔ በተፈታሁ ዕለት መርማሪው በሩ ላይ ጠበቀኝ። መቃኑን ተደግፏል።

«የደበቅከኝ ነገር አለ» አለኝ። መርማሪነቱ እንደሆነ አልደከመም።

«አለ።»

«ምንድን ነው?»

«የኪኒኗን ባለቤት ይጠይቁ» አልኩትና ወጣሁ። ምላሴ ለእሱ አልታዘዝ አለኝ። ደግሞም መንገሩም መተዉም የሽማግሌው ድርሻ ነው ብዬ ነው።

ከዚያ ጊዜ ተገለባበጠ። ሰውየው ከወንበሩ ተነሳ ሲባል ሰማሁ። እኔ አምቦ ውስጥ አንድ ክሊኒክ እሠራለሁ። ባለፈው በጋ ደንዲ ሄጄ ሽማግሌውን ጠየቅኋቸው። ከስተዋል፣ ግን አሉ። ልጃቸው ተመልሶ ያስተምራል፤ ኪኒናቸውንም እሱ ነው የሚያመጣላቸው። ደጅ ካለው መደብ ላይ ተቀምጠን ሐይቁን እያየን ነገሩኝ።

«ሰውዬህ መጥቶ ነበር» አሉ። «ጫማው ክር የለውም። ዳገቱን ሲወጣ በየድንጋዩ ላይ እየተቀመጠ ነው የደረሰው። ሐኪሙ የደበቀኝን ንገረኝ አለ። መጀመሪያ ብላ አልኩት። በእኛ ቤት እንግዳ ሳይበላ ነገር አይነሳም። ልጄን፣ ወጡን ያለ ጨው ሥሪ አልኳት። እሱ እንደሚያስፈልገው ከአንተ ተምሬያለሁ።»

«እሺ?»

«ቀመስኩለትና አቀረብኩ። አንዴ ጎረሰ። ዓይን ዓይኔን አየኝ። ‹ብድርህን መለስክ፤ እኔ እኮ ይህ እንደሚመጣ አላጣሁትም› አለ። ተነስቶ ሄደ። ና ብዬ ብጠራው ወይ ፍንክች! ጨው የሌለው ወጥ አቀረበልኝ፣ ሰደበኝ ብሎ ነው።»

ሳቅኩ። ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅኩ። በገዛ ቂሙ መድኃኒቱን ሳህን ላይ ጥሎ ሄደ! ሽማግሌው አልሳቁም።

«አንተ ሂድና ንገረው» አሉኝ።

«አልነግረውም።»

«ይሞታል እኮ።»

«ይሙት።»

ዞር ብለው ጀርባቸውን ለጀርባዬ ሰጡ፣ እንደዚያን ጊዜው። ልባቸው በዝግታ ትጋልባለች። እንዲሁ ተቀምጠን ፀሐይ ዘቀዘቀች።

አምቦ በተመለስኩ ማግስት አየሁት። ለካ በየቀኑ ከክሊኒኬ መንገድ ማዶ ያለ ምግብ ቤት በረንዳ ላይ ይቀመጣል። ጠርሙሱ ፊቱ ነው፣ ሚጥሚጣውና ጨው ጎን ለጎን። ፊቱ ቆሜ አየሁት። ቀና ብሎ አየኝ፤ ከዚያ ዓይኑን ወደ መንገዱ መለሰ። ደነገጠ፣ አፈረ ወይም ፈራ ብዬ ጠበቅሁ። ምንም። አላወቀኝም። ውስጥ እግሬ ዝናብ ሲመጣ ዛሬም ያቃጥለኛል፤ እሱ ግን መልኬን ረስቶታል።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። መቼም ተረቱን የፈጠረው ሰው በዚህ ተስማምቶ ኖሮ ይሆናል። እኔ አልተስማማሁም። የሞተ ሰው ደግሞ ጭራሽ ሁሉንም ይረሳል።

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ጠርሙሱን አንስቼ መሬት ላይ ደፋሁት። የጨውዋን ሳህን ከፊቱ ወሰድኩ።

«የደበቅኩዎት ይህን ነው» አልኩት። «ጨው አይብሉ። ይህን ውሃ አይጠጡ፤ ጨው አለው። ተራውን ውሃም በልክ። ሽማግሌው ያቀረቡልዎት ወጥ ስድብ አልነበረም፣ መድኃኒት ነበር። ነገ ሆስፒታል ይሂዱ። ይህን ከጠበቁ ብዙ ዓመት ይኖራሉ።»

አፉን ከፍቶ አየኝ። ከዚያ ዓይኑ ቀስ ብሎ ወደ እግሬ ወረደ። አወቀኝ።

«ለምን ነገርከኝ?» አለ በመጨረሻ።

«እንዲያስታውሱኝ ነው። ጨው የሌለው ምግብ በጎረሱ ቁጥር። ጠዋት፣ ምሳ፣ እራት።»

አሁን በዚያ በረንዳ ሳልፍ ጠርሙስ የለም። ጫማው ክር አስሯል። ሰው እንደሚለው ወጡን ያለ ጨው ነው የሚያዘው፣ አስተናጋጆቹም ይስቁበታል። እኔን ሲያይ መጉረሱን ያቆማል። ሰላም አልለውም፣ እሱም አይለኝም። ልብ ለነገ አታስቀምጥም ብዬ ነበር ለሽማግሌው፤ ስለ ልብ እውነት ነው። እኔ ግን አስቀምጫለሁ።